ሰፊዋ ትውጣ

ሰው ሲያመሰግነኝ መጀመሪያ የማስበው ቀጥሎ ምን ሊጠይቀኝ እንደሆነ ነው። አመሉ የእናቴ አይደለም፤ ከሥራዬ የመጣ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተዋንያን ሳለብስ ኖሬያለሁ። «ውይ፣ እጅሽ ይባረክ!» ያለችኝ ተዋናይት ሁሉ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ «ወገቧን ብቻ ትንሽ ጠበብ ብታደርጊልኝ» ሳትል ቀርታ አታውቅም።

ስለዚህ ያ ሰውዬ በመጀመሪያው ቀን ወደ አልባሳት ክፍሌ ገብቶ፣ የተሰቀሉትን ልብሶች ከዳር እስከ ዳር ካየ በኋላ «ይሄን ሁሉ የሰፉት እርስዎ ብቻዎን ነዎት? ይገርማል!» ሲለኝ፣ ስፒሎቹን ከአፌ ሳላወጣ በሆዴ «ይኸው፣ መጣ» አልኩ።

«ባለ ሁለት በር» የተባለውን ተከታታይ ድራማ አላየሁም የሚል ካለ እጁን ያውጣ። አንድ ሆቴል ያለው ቤተሰብ ታሪክ ነው። ሲጀምር ሕፃን የነበሩት ሲያልቅ ፂም አውጥተዋል። የመጨረሻው ክፍል የታየ ዕለት ያላለቀሰ አልነበረም፤ እኔም ራሴ የሰፋሁትን ጥቁር ልብስ እያየሁ አልቅሻለሁ። ካለቀ በኋላ ግን ጣቢያው ልብሱንም፣ የሆቴሉን ደወልም፣ የፕላስቲክ ወይኑንም፣ ከኮምፖንሳቶ የተሠራውን «የብረት» ካዝና ሳይቀር ሰብስቦ በሐራጅ እንዲሸጥ ለአንድ አጫራች ኩባንያ ሰጠው።

የኩባንያው ባለቤት አንዲት ቆፍጣና ሴትዮ ናቸው። ሰውዬው ደግሞ አንድ ልጃቸው። ሥራው ዕቃውን እያየ፣ እየለካ፣ ታሪኩን እየጠየቀ የሚሸጠውን ሁሉ በዝርዝር መጻፍ ስለነበር «ባለዝርዝሩ» አልነው። እኔን ከዳይሬክተሩ እስከ ዘበኛው «ሰፊዋ» ነው የሚሉኝ። ሰፊዋ ትጠራ፣ ሰፊዋን ጠይቋት፣ ሰፊዋ ዛሬ ተቆጥታለች። ስሜን በወር አንድ ቀን የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር።

ባለዝርዝሩ ግን አንድም ቀን ሰፊዋ ብሎኝ አያውቅም። «ባለሙያዋ» ነው የሚለኝ። እሱንም ጠረጠርኩት።

ስድስት ሳምንት በየቀኑ እየመጣ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ያለችውን እግሯ የምትነቃነቅ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። የሚጠይቀኝም ሰው የሚጠይቀውን አይደለም። አንድ ቀን የሆቴሉን አስተናጋጅ ኮት ገልብጦ ኮሌታው ሥር የጣት ጫፍ የምታህል ኪስ አገኘ።

«ይቺ ለምንድን ናት?»

«ለማይክራፎን። እንዳይታይ።»

«ታዲያ የማትታይ ኪስ ለምን በሐር ክር ተጠለፈች?»

«እኔ አያታለኋ!» አልኩት ቆጣ ብዬ።

መጻፉን ትቶ ቀና ብሎ አየኝ። ደግሞ አስተያየቱ! ዝም ብሎ፣ ሳይቸኩል። ፊቴን ወደ መርፌው መለስኩ፤ ክሩ ግን አልገባልኝም። ሦስት ጊዜ ሳትኩት። ዋጋ እያወጣልኝ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እንዲህ ያለ ማጽናኛ ይኖራል? ለኔ ግን ይሻለኝ ነበር፤ ወደደኝ ብዬ ከማሰብ የተሻለ መጠጊያ ነበር።

ሜካፕ ሠሪዋ ባልንጀራዬ ደግሞ እሳቱን ታራግባለች። «አንቺ ሞኝ፣» ትለኛለች፣ ብሩሾቿን እያጠበች፣ «ወንድ ልጅ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስለ ገበር የሚጠይቀው ገበር ወድዶ ነው? የትኛው ልብስ ካሜራ ፊት እንደቆመ፣ የትኛው መለዋወጫ እንደሆነ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ፊርማሽ የሌለበት ልብስ ጨርቅ ነው። ፊርማሽን ይውሰድና ታያለሽ፣ በመንገድ ቢያገኝሽ አያውቅሽም።»

«እናቱ የኩባንያ ባለቤት፣ አንቺ መርፌ ያዥ» አላለችም። ያንን እኔው በልቤ ጨመርኩበት።

በአራተኛው ሳምንት ላይ ያቺ አረንጓዴ ቀሚስ ጋ ደረስን። የትኛዋን እንደምል ታውቃላችሁ። በሠርጓ ቀን ሙሽራዋ ለሙሽራው «አይሆንም» ብላው፣ የሆቴሉን ደረጃ ጀርባዋን ሰጥታን የወረደችባት። አንዴም ዞር ሳትል! ያንን ጀርባ የማያውቀው የለም። ኮረዳው ሁሉ ደረጃ ባገኘ ቁጥር ከኋላው ፎቶ ሲነሣ አልነበር? ጋዜጠኞቹማ «ዳይሬክተሩ ፊቷን የሸሸገን ሐዘኗን እኛው እንድንሥልላት ነው» እያሉ ሲራቀቁ ከረሙ።

ድንቄም መራቀቅ! የተዋናይቱ ጥርስ ነበር። ያን ቀን ጉንጯ አብጦ ኳስ አክሎ ነበር። ሆቴሉን የተከራየነው ለአንድ ቀን ብቻ፤ ዳይሬክተሩ ፀጉሩን ይነጫል። ዞር ሲል እኔን አየ። ቁመታችን እኩል ነው፤ ወገባችን ግን፣ ያው እንደምታውቁት፣ እሷ ክር ናት፣ እኔ ደግሞ ምሳዬን የምበላ ሰው ነኝ። ከተረፈው ጨርቅ በአንድ ከሰዓት በኋላ በልኬ ሁለተኛ ቀሚስ ሰፋሁና ለብሼ ወረድኩ። ዳይሬክተሩ፣ ካሜራ ያዡና እኔ ለማንም ላንናገር ተማማልን።

ለባለዝርዝሩ ነገርኩት። ለምን እንደነገርኩት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለቱን ቀሚሶች ጎን ለጎን ይዞ «የትኛዋ ናት ደረጃውን የወረደችው?» ሲለኝ መዋሸት አቃተኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አልሳቀም። «ስትወርጂ ምን ታስቢ ነበር?» አለኝ። ከእርስዎ ወደ አንቺ የወረድነው ያኔ ነው፤ ልብ ያልኩት ግን በኋላ ነው።

«እጅጌዋ ተሰፍታ አላለቀችም ነበር፤ በስፒል ነው የያዝኳት። እንዳትወጋኝ ነበር የማስበው።»

ያኔ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ። ከዚያ ሳቁ እንደ ቆመ ደብተሩን አጠፈው። እስክሪብቶውንም ኪሱ ከተተው። የነገርኩትን አንዲት ቃል አልጻፈም። ሰፋ ያለችውን ቀሚስ ጫፏ ስለተተረተረ እንድጠግናት እኔው ቁም ሣጥን ውስጥ ተወልኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ብቻዬን ፈገግ ስል፣ ለሷ መስሏት አንዲት የማላውቃት ሴት ሰላም አለችኝ።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ነው እንግዲህ፣ በር ላይ ቆሞ እጀታውን እያዟዟረ «ሐራጁ ሲያልቅ አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለኝ» ያለኝ።

«አሁን ጠይቀኝ።»

«አይ፣ ሲያልቅ ይሻላል።»

ልቤ አንዴ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ተቀመጠ። ለምን ሲያልቅ? ፊርማዬን እስክሰጥ? ላግባሽ የሚል ሰው ቀን ይመርጣል? ሌሊቱን አልልም፣ ሳምንቱን በሙሉ ይህንኑ ሳገላብጥ ከረምኩ። ያንን ጥያቄ የዓለምን ነገር ሁሉ ትቼ ፈልጌው ነበር። በዚያው ልክ ወጥመድ ነው ብዬ ፈርቼው ነበር።

ሐራጁ አራት ቀን ሲቀረው የማረጋገጫ ወረቀቶቹን በአንድ አቃፊ አድርጎ ላከልኝ። ለእያንዳንዱ ልብስ አንድ ገጽ፤ እኔ «ይህ ልብስ የኔ ስፌት ነው፣ በዚህ ክፍል ተለብሷል» ብዬ እፈርማለሁ። እየፈረምኩ እየገለበጥኩ መሐል ላይ ደረስኩ። አንድ ገጽ ላይ በስፒል የተያዘች፣ ሳትነቀል የተረሳች ቁራጭ ወረቀት አለች። የእጅ ጽሑፉን አወቅሁት። እንዲህ ትላለች፦

«እማዬ፣ ዝርዝሩን ጨርሻለሁ። የሰፊዋን ጉዳይ በደንብ አሰብኩበት። ሰፊዋ ትውጣ። ሌላዋ ትበቃናለች። ሰፊዋ ሰው ፊት ባትቀርብ ይሻላል። ምክንያቱን በቃል እነግርሻለሁ፤ እስከዚያው ወሬው ከሁለታችን አይለፍ።»

ደግሜ አነበብኳት። ሦስተኛ ጊዜ ሳነብ ፊደሎቹ መዋኘት ጀመሩ።

ፊት ለፊት ባለሙያዋ ነኝ፤ ለእናቱ ሲጽፍ ግን እንደማንኛውም ሰው ሰፊዋ! ሰው ፊት ባትቀርብ ይሻላል! ሌላዋ ትበቃናለች! ደግሞ «ሌላዋ» ማን ናት? የነጋዴ ልጅ ትሆናለች፣ መርፌ ይዛ የማታውቅ። ስድስት ሳምንት እውቀቴን እንደ ቡና ሲጠጣ ከርሞ አሁን ሲኒው ባዶ ሲሆን ትውጣ አለኝ። አንጀቴ ቅጥል አለ። የገረመኝ ግን፣ ከቃጠሎው ሥር አንድ «እሰይ፣ አውቄ ነበር» የሚል ነገር መኖሩ ነው። የተጠረጠረ ነገር እውነት ሲሆን ሰው በሐዘኑ መሐል እንዲህ ይኮራል?

የቀረውን ሁሉ ፈረምኩ። ሥራዬን በጎደሎ አልሰጥም። ቁራጯን ወረቀት ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አንሥቼ፦ «ለባለዝርዝሩ። እንደተባለው ሰፊዋ ወጥታለች። አትፈልጓት» ብዬ ጻፍኩ። መቀሴን፣ ሜትሬን፣ ያችን አረንጓዴ ቀሚስም ከቁም ሣጥኑ አንሥቼ አቃፊውንና ደብዳቤዬን ለዘበኛው ሰጠሁና ወጣሁ። ቀሚሷን ሰረቅሽ የሚለኝ ካለ ይምጣ፤ ያ ጀርባ የኔ ነው።

ምን ጠበቅሁ? እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሮጦ እንዲመጣ። በሬን እንዲያንኳኳ። «ምን ሆነሽ ነው?» እንዲለኝ።

በማግሥቱ የመጣው ዘበኛው ነው፤ ከሱ የተላከ ደብዳቤ ይዞ። ከፈትኩት።

«ባለሙያዋ፣ ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቁም ሣጥኑንም ከፍቼ አየሁት። እግዜር ይስጥልኝ! እንዴት አድርጌ እንደማወጣት ጨንቆኝ ነበር፤ አንቺው ጨረስሽልኝ። ትልቅ ሸክም ነው ያቀለልሽልኝ። እዚህ አዳራሹ ውስጥ ዕቃ ስንደረድር ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም። ሐራጁ ላይ እንገናኝ።»

አበስኩ ገበርኩ! ምስጋና! እንደማወጣት ጨንቆኝ ነበር! ለራሴ እየጻፈ እኔን «እሷ» ይለኛል፤ ይሄ ምን ዓይነት ንቀት ነው? ዓይኑን በጨው አጥቦ ደግሞ «እንገናኝ» ይላል።

ጠረጴዛዬ ላይ ቀሚሷን ዘረጋሁ። ፀሐይ መሐል አናት ላይ ነበረች፤ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቶ ነበር። ትንሿን መቀስ አንሥቼ ከእጅጌዋ ጀመርኩ። ስፌት መፍታት ከመስፋት ይከብዳል፤ ክሩን እንጂ ጨርቁን እንዳትነካ እያንዳንዷን ጥልፍ ለብቻዋ ትበጥሻለሽ። እጅጌ፣ ሌላው እጅጌ፣ ኮሌታ፣ ደረት፣ ጀርባ። በቀኝ እጅጌዋ ስፌት ውስጥ ተረስታ የቀረች አንዲት ስፒል አገኘሁ፤ ዝጋለች። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር። ያኔ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሬዲዮው እያስተዛዘነኝ መሰለኝ፤ በኋላ ሳዳምጥ የሳሙና ማስታወቂያ ነበር።

ቁርጥራጮቹን አጣጥፌ ዘንቢል ውስጥ ከተትኳቸው። ሐሳቤንም ቆረጥኩ። ሐራጁ ላይ ጠባቧ ቀሚስ «የደረጃዋ ቀሚስ» ተብላ ስትወጣ ብድግ እላለሁ። «ውሸት ነው! የደረጃዋ ይቺውላችሁ!» ብዬ ቁርጥራጩን ሕዝብ ፊት እዘረግፋለሁ። እናትና ልጅ አብረው ይዋረዳሉ። እኔም አብሬ እንደምዋረድ ጠፍቶኝ አይደለም። ግድ አልሰጠኝም።

አዳራሹ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። ሰው ቆሞ፣ መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ። የሆቴሉን ደወል የገዛው ሽማግሌ እንደ ሕፃን ሲደውለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እናቱ መዶሻቸውን ይዘው ከፍ ባለው ጠረጴዛ ኋላ ቆመዋል፤ እሱ አጠገባቸው ዝርዝሩን ያነብባል። እኔ ከኋላው በር አጠገብ፣ ዘንቢሌን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። በሰው መሐል እየፈለገ አገኘኝ። ፈገግ አለ። ፈገግ! ፊቴን አዞርኩ። ፈገግታው ሲሰበር ግን በጎን አየሁት፤ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ደስ አለኝ።

አረንጓዴዋ ጠባብ ቀሚስ በአሻንጉሊት ላይ ሆና ስትወጣ አዳራሹ «እ…!» አለ። አንዲት ሴት አጠገቤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከፊት ወንበር አንድ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ገና ሳይነበብ ተነሥቶ፣

«ደረጃውን የወረደችባት ናት አይደል?» አለ።

እናቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እኔ ተነሣሁ። ዘንቢሌ ውስጥ እጄን ከተትኩ፤ ጀርባዋን ጨበጥኩ።

«አይደለችም» አለ ባለዝርዝሩ።

ዝርዝሩን አንድ ገጽ ገለጠ።

«ይቺ 'አይሆንም' ያለችባት ናት። ደረጃውን የወረደችባት ሌላ ናት። እሷ አትሸጥም።»

«ለምን?» ጮኸ ሰውዬው። «እኛ እኮ የመጣነው ለሷ ነው!»

«ባለቤት ስላላት» አለ። እኔን አላየም። ዝርዝሩን ነው የሚያየው፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ጥሎ ወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። ቀሚሷ ሊገኝባት ከሚችለው ዋጋ በጣም ባነሰ ለአንዲት አስተማሪ ሄደች። መዶሻው ሲያርፍ የእናቱን ፊት አየሁ፤ ድንጋይ ነበር። እኔ ተቀመጥኩ። ይሄ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው? ያባረራትን ሴት ምስጢር ለመጠበቅ ሲል የራሱን ሐራጅ ያረክሳል? የሆነ ተንኮል አለበት ብዬ ፈለግሁ፣ ፈለግሁ። አጣሁ። ማጣቴ ከማግኘት የበለጠ አስፈራኝ።

ሰው ሲበተን ዘበኛው መጥቶ ከመጋረጃው ኋላ ተፈልገሻል አለኝ። ስገባ እናቱ ጫማቸውን አውልቀው ኮምፖንሳቶው ካዝና ላይ ተቀምጠዋል። እሱ ቆሟል።

«መጣሽ?» አሉኝ፣ ከላይ እስከ ታች እያዩኝ። «ታዲያ ሰፊዋስ?»

ክፉኛ ደነገጥኩ። ሴትዮዋ «ፊ»ን ረገጥ አድርገው፣ ጥብቅ አድርገው ነው የጠሯት።

«ምን… ምን አሉኝ?»

«ሰፊዋ ናታ! ወገቧ ሰፋ ያለችው ቀሚስ። ጠባቧን ዛሬ በርካሽ ሸጥናት፤ ሰፊዋን ደግሞ ይሄ ልጅ 'ባለቤቷ እያለች አትሸጥም፣ ከዝርዝሩ ትውጣ' ብሎ ሦስት ቀን ጨቀጨቀኝ። ወስደሻታል ተብዬ ነበር። ትውጣ መባሏን ማን ነገራት?» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንቺ የነገርሻት መስሎኝ» አለ እሱ። «'እንደተባለው' ብላ ስትጽፍልኝ…»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አራተኛ ክፍል ሳለን የቋንቋ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጽፎ «ላልቶ ሲነበብ? ጠብቆ ሲነበብ?» እያለ ሲያስለፈልፈን ትዝ አለኝ። ሰፊ፣ ላልቶ፣ ልብስ የሚሰፋ። ሰፊ፣ ጠብቆ፣ ያልጠበበ። ፊደሉ አንድ ነው፤ ምልክት የለውም። ያቺ ቁራጭ ወረቀት የተያዘችውም ከአረንጓዴዋ ቀሚስ ገጽ ጋር ነበር። አላየሁም። ሰፊዋ የምትለዋን ቃል ሳይ ራሴን እንጂ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም።

ዘንቢሉን ከፈትኩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ አወጣኋቸው። እጅጌ። እጅጌ። ኮሌታ። ደረት። ጀርባ።

ባለዝርዝሩ ጀርባዋን አነሣ። በሁለት እጁ ይዞ አያት። «ማን ፈታት?»

«እኔ።»

«ለምን?»

ቁራጯን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። እሱም እንደጻፋት አነበባት፣ ጥብቅ አድርጎ፤ ምኑ ያስከፋል በሚል ፊት ቀና አለ። ከዚያ ዓይኔን አየና እንደገና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። አሁን ላላ አድርጎ፣ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ። ሰፊዋ ትውጣ። ሌላዋ ትበቃናለች። ደሙ ከፊቱ ሲወርድ አየሁት።

«አንቺን?» አለ። «እኔ አንቺን ትውጣ ብዬ?»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን እጅጌዎች አስተካከልኩ።

«መቼ ነው እኔ ሰፊዋ ብዬሽ የማውቀው?»

«ለእናትህ ስትጽፍ መሰለኛ…»

«አራት ቀን!» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ስልክ አለሽ፣ እግር አለሽ፤ አፍማ ከማንም በላይ አለሽ! ስድስት ሳምንት አጠገብሽ ተቀምጬ፣ ብጣሽ ወረቀት በለጠችኝ? ለምን አልጠየቅሽኝም?»

መልስ ነበረኝ፤ ስንት የተዘጋጀ መልስ! ፊደሉ ነው፣ ዘበኛው ነው፣ ሜካፕ ሠሪዋ ናት። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ብጠይቅህ 'አዎ፣ እውነት ነው' ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ጥፋቱ የፊደሉ አልነበረም። እሱ ክፍሌ ከገባበት ቀን ጀምሮ ያንን ወረቀት ስጠብቅ ነበር። ያ ባይመጣ ሌላ እፈልግ ነበር፤ አንድ ጊዜ ያስነጠሰበትን አቅጣጫ አይቼ እንኳ እፈርድበት ነበር። እኔን የመሰለች ሴት ደጃፍ ላይ ደግ ነገር ሲቆም ቤት ተሳስቶ ነው ብዬ ነው የኖርኩት።

እናቱ ቀስ ብለው ጫማቸውን አጠለቁ። ተነሥተው አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። «ስሚ ልጄ» አሉኝ፣ ቁጣም ደግነትም በሌለው ድምፅ። «ቀሚሷን እሺ አልኩ እንጂ አንቺን እሺ አላልኩም። እንዳትሳሳቺ ብዬ ነው በአፌ የምነግርሽ።» መጋረጃውን ገልጠው ወጡ።

ሁለታችን ቀረን። ውጭ ተሸካሚዎች የሆቴሉን ወንበር ሲጎትቱ ይሰማል። እሱ ቁርጥራጮቹን እንደ ቁስል በጣቱ ጫፍ እየነካ ነበር።

«ሐራጁ ሲያልቅ አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ ብዬሽ ነበር» አለ።

«ጠይቀኝ» አልኩ። ድምፄን አላወቅሁትም።

«ያዘገየሁት ፊርማሽን ፈልጌ እንዳይመስልሽ ነበር።» ሳቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም። «እንዳትጠረጥሪኝ ብዬ። ዛሬ አልጠይቅሽም። አልችልም።»

አለቀ አልኩ። እንባዬ እየወረደ ነው፤ አልጠረግሁትም። ዘንቢሌን አንሥቼ እንደልማዴ ብሄድ ምን ነበረበት? ሳልጠየቅ መሄድ፣ ሳልጠይቅ መሄድ፣ የማውቀው እሱን ነው። እግሬ ግን እንቢ አለ።

«እንግዲያው እኔ ልጠይቅህ» አልኩ። «ለምን አልጠየቅሽኝም ብለህ አይደል የተቆጣኸው?»

ቀና አለ። «ጠይቂኝ።»

«አሁን አንተም ትጠረጥረኛለህ?»

በድራማ ቢሆን ኖሮ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት እንዳየሁት፣ እጄን ይዞ «በፍጹም!» ይል ነበር። እሱ ግን አልቸኮለም። ወረቀቷን አየ፣ የተፈታችውን ቀሚስ አየ፣ እኔን አየ።

«አዎ» አለ። «በሌላ ወረቀት ደግሞ እንዲሁ ትፈችኛለሽ ብዬ እፈራለሁ።»

አመመኝ። እንዲህ ያመመኝ ነገር የለም። ግን እያመመኝ አመንኩት፤ ቃሉን ሳላላላ፣ ሳላጠብቅ፣ ከሥሩ ሌላ ነገር ሳልፈልግ። ሰውን ማመን እንዲህ ጉልበት የሚያሳጣ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ።